ድካሙ ስንፍና አይደለም

ሐኪሞች ሩማቶይድ አርትራይተስ ስለሚሉት፥ በእኛ ዘንድ ግን ከሌሎች የመገጣጠሚያ ሕመሞች ጋር ተደባልቆ ቍርጥማት ስለሚባለው ደዌ በዚህ ወር ጥቂት እንነጋገራለን። ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኀይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን ሲወጋ ነው። የእጅና የእግር ጣቶችን በግራም በቀኝም ያሳብጣል፤ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ አላንቀሳቅስ ይላል፤ ሴቶችንም ከወንዶች ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል።

እብጠቱን ዐይን ያየዋል፤ የማይታየው ድካሙ ነው። የታመመችው የቤት እመቤት ብትሆን፥ ሌሊቱን ተኝታ አድራ እንኳ ደክማ ትነሣለች፤ ሊጡን አቡክታ ሳትጨርስ ጉልበቷ ይከዳታል። ቤተ ሰብም ምክንያቱን ባለማወቅ አንዱ «ሰነፍ ሆነች» ይላል፤ ሌላው በርኅራኄ «ከአልጋሽ አትነሺ» ይላታል። ሁለቱም አይጠቅሟትም።

ድካሙ ምንጩ ብዙ ነው። መገጣጠሚያን የሚያቃጥለው ብግነት መላ ሰውነትን ያዝላል፤ የደም ማነስ ሊጨመርበት ይችላል፤ ሥቃይ እንቅልፍን ይነሣል፤ ትካዜም ይከተላል። ከዚህ በላይ፥ መተኛት ሲበዛ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጡንቻም በጥቂት ሥራ ይዝላል። እንግዲህ ያለ ልክ የሆነ ዕረፍት ድካሙን ይመግበዋል እንጂ አያርቀውም።

በቀድሞ ዘመን ሐኪሞች ራሳቸው ለሳምንታት አልጋ ላይ መዋልን ያዝዙ ነበር። ኢውላር የሚባለው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ምክር እንቅስቃሴ የሕክምናው አንድ ክፍል እንዲሆን አስታውቋል። እንቅስቃሴ ድካሙን ፈጽሞ ባያጠፋውም ጥቂት እንደሚያቃልለው በጥናት ታይቷል።

ኀይልን መለካትም ያስፈልጋል። የፈረንሳዩ ሠዓሊ ኦጉስት ሬንዋር (1841–1919) በዚህ ደዌ ከሃያ ዓመት በላይ ሲኖር፥ ጣቶቹ እንዳይደርቁ ትንንሽ ኳሶችን እየወረወረ በመቅለብ ያለማምዳቸው ነበር። በኋላ መራመድ ሲያቅተው አንድ ሐኪም አቁሞ ጥቂት ርምጃ አስኬደው። እርሱ ግን፥ ልጁ እንደ ተረከው፥ መራመዱ ለሥዕል የሚሆነውን ኀይል እንደሚጨርስበት ዐውቆ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ እስከ ሞተበትም ዓመት ሣለ። ዛሬ ሜቶትሬክሴትን የመሰሉ መድኀኒቶች ስላሉ፥ በጊዜ የታከመ ሰው እንደዚህ ያለ መራራ ምርጫ ላይ ላይደርስ ይችላል።

በሽተኛው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ፥ የጠዋቱ ድርቀት ሲለቅቀው በሜዳማ መንገድ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ በመራመድ ይጀምር። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምር። ከእንቅስቃሴው በኋላ የባሰው ሕመም ከሁለት ሰዓት በላይ ከቈየ፥ በሚቀጥለው ቀን ይቀንስ። መገጣጠሚያው ባበጠና በተኰሰ ጊዜ ያን ክፍል ያሳርፈው፤ በዝግታ ማጠፍና መዘርጋቱን ግን አይተው። መድኀኒቱንም በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ።

እንጀራ የሚጋገርበትና ልብስ የሚታጠብበት ቀን አንድ አይሁን። ሽንኵርት መክተፍ ተቀምጦም ይቻላል፤ በቅዳሴ ጊዜም መቋሚያ መደገፍ ጉልበትን ያተርፋል። ከባዱን የውሃ ዕቃ ልጆች ይሸከሙ፤ ባልም ማታ ማታ ከሚስቱ ጋር ጥቂት ይራመድ። «ተነሺ» ወይም «ተኚ» ብሎ ከማዘዝ አስቀድሞ «ዛሬ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለዚህ ቤት ታላቅ ርዳታ ነው።