በሩ በግማሽ ሲከፈት

በመራዊ አጠገብ፥ በቆጋ መስኖ ዳር ያደገ ልጅ ውሃ በበር እንደሚታዘዝ ያውቃል። ትራንዚስተርም የኤሌክትሪክ በር ነው፤ ጥቂት ቮልት በሩን ሲከፍት የባትሪው ኃይል አልፎ የውሃ ፓምፑን ያዞራል።

ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንገዛው ርካሽ የማብሪያ ማጥፊያ ሞጁል አይአርኤፍ 520 የተባለውን ትራንዚስተር የያዘ ነው። እርሱም በሚገባ የሚከፈተው በ10 ቮልት ነው፤ አርዱዊኖ ኡኖ የሚሰጠው ግን 5 ብቻ! የመስኖ በር በግማሽ ቢከፈት ውሃው ያንሳል እንጂ በሩ አይቃጠልም። ትራንዚስተር ግን ይግላል፤ 2 አምፔር እያሳለፈ 2 ቮልት ቢያስቀር 4 ዋት ሙቀት ይሸከማል።

ሞጁሉ ሲቃጠል ‹‹ተማሪው እጁ አይረባም›› ይባላል። ይህን ፍርድ አንቀበልም። ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ለመጣ ተማሪ የሞጁሉ ዋጋ ከስንቁ የተቀነሰ ነው።

ስለዚህ በ5 ቮልት የሚከፈተው አይአርኤልዜድ 44 ኤን ይመረጥ። ፓምፑ ሲጠፋ የሚመልሰውን ቮልት እንዲያበርድ ዳዮድ በጫፎቹ መካከል በተቃራኒ ይታሰር። ቤተ ሙከራችንም የየዕቃውን መግለጫ ከዕቃው ጋር ይስጠን።

ሳያስተምሩ መውቀስ ይቅር፤ እኛም ሳናነብ መሰካት ይቅርብን።