በስንት ቀን ይድናል?

ከ14 ወር በፊት አንዲት እናት የ40 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት ክፍል ገቡና፥ ነጠላቸውን አስተካክለው ከተቀመጡ በኋላ፥ የልጃቸውን ደዌ ገና ሳይነግሩኝ «ዶክተር፥ በስንት ቀን ያድኑልኛል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጁ ከአጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ የቀረበለትን ውሃ ለመጠጣት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲያነሣው፥ ውሃው ከከንፈሩ ሳይደርስ እየዘለለ በጉልበቱ ላይ ስለ ፈሰሰ፥ እናቱ በነጠላቸው ጫፍ አበሱለት። ጥያቄያቸው ከእናት አንጀት የወጣ ነውና አልፈረድሁባቸውም፤ ነገር ግን ከእኔ አስቀድሞ ይህንኑ ጥያቄ የሰሙ ሁሉ ቀን እየቆረጡ እንደ መለሱላቸው ስረዳ እጅግ አዘንሁ። አንዱ ሰባት ቀን፥ ሁለተኛው ሁለት ሱባኤ፥ ሦስተኛው ደግሞ አንድ መርፌ ይበቃዋል ብሏቸው ነበር።

የሰውየውን ነገር የምጽፈው እርሱ ፈቅዶልኝ፥ ማንነቱንም የሚያስታውቀውን ሁሉ ለውጬ ነው። የጭነት መኪና ነጂ ነበር። ጫት ንቃትን የሚሰጠው ካቲኖን በተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፥ ይህም ቅጠሉ ከተቀነጠሰ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ እየደከመ ወደ ካቲን ስለሚለወጥ፥ በአወዳይ ገበያ ታስሮ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ጫት ሳይጠወልግ ከቃሚው እጅ እንዲገባ ነጂው ሌሊቱን በሙሉ መገስገስ አለበት። ስለዚህ እንቅልፉን ለማባረር ከጫነው ይቅማል፤ ጎሕ ሲቀድ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ደግሞ ምርቃናው ዐይኑን አላስከድን ስለሚለው ለጨብሲ አረቄ ይጠጣል። በዚህ ዐይነት 12 ዓመት ኖረ። ሲነቃ ሐራራው ይጠብቀዋል፤ ሳይቅም በዋለበትም ዕለት ሌሊቱን ዱካኩ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ሲያንቀው ያድራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ተወው» ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ቅጠሉ የእንጀራው መሣሪያ፥ አረቄውም የእንቅልፉ በር ሆኖበት ሳለ፥ እነዚህ ሁለቱ በሚለቁት ስፍራ ምን እንደሚገባ ሳይነግሩት «ተወው» ማለት ምክር አይባልም።

ቅጠሉን ብቻ መራገምም አይረዳንም። ጫት ለሀገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም፤ የ14ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ሰብረ ዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ ያወሳዋል፤ የሐረር ሽማግሎችም እስከ ዛሬ በዱዓቸው ላይ በልክና በሥርዓት ይይዙታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከሱሰኛው ንስሓን፥ ቃል ኪዳንን፥ ግዝትን እንጠይቃለን፤ እፈውስሃለሁ ብሎ ከፊቱ ከሚቆመው ሰው ግን አንዳች ነገር አንጠይቅም።

ወደ እኔ ከመምጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ዘመዶቹ ይህን ሰው ወደ አንድ የጠበል ስፍራ ወስደውት ነበር። በዚያ የነበረው አጥማቂ ምን ያህል እንደሚጠጣና መቼ እንደ ጠጣ ሳይጠይቅ፥ አረቄውን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንዲያቆም፥ ኪኒን የሚባልም እንዳይነካ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እንዲጾም አዘዘው። በሁለተኛው ሌሊት ዐይኑ ተገልብጦ፥ ምላሱን ነክሶ፥ አረፋ እየደፈቀ ወደቀ፤ በዙሪያው የነበሩትም ርኩስ መንፈስ እየለቀቀው መስሏቸው እልል አሉ።

እነሆ ነገሩ እንዲህ ነው። አልኮል የአንጎልን ሥራ የሚያበርድ ሲሆን፥ አንጎልም ይህን ብርድ ለመቋቋም እሳቱን እያበዛ ይኖራል፤ ለብዙ ዓመት ሳያቋርጥ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም፥ አብራጁ ተወስዶ የበዛው እሳት ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለውም ጊዜ አንዳንዱ ትኩሳት ይዞት፥ የሌለ ነገር እያየና እየቃዠ ሕይወቱ እስከ ማለፍ ሊደርስ ይችላል። ጫትን ያቆመ ሰው ይተክዛል፥ ይተኛል፥ ይነጫነጫል፤ መተዉ ግን አይገድለውም። አረቄን በድንገት ያቆመ ሰው ግን ሊሞት ይችላል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ካህንም ይሁን፥ የባህል መድኃኒት ዐዋቂም ይሁን፥ ወይም እንደ እኔ በቃል የሚያክም፥ የሰውን ነፍስ በእጁ ሊይዝ አይገባውም።

ይህን ስጽፍ ጠበልን ላቃልል አይደለም፤ እኔም በጠበል ያደግሁ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በቀኖናዋ የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ክብር በሰፊው ይናገራል። ከዚህም በላይ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቱን አብረው ሊወስዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለዚያ ደዌ የተከፈተው በር ለአረቄ ሕሙም የማይከፈትበትን ምክንያት ከቶ አላየሁም። አጥማቂው አስቀድሞ «ልጄ፥ በመጨረሻ የጠጣኸው መቼ ነው?» ቢል፥ ሕሙሙንም ከሐኪም አስታርቆ ቢቀበለው፥ ከእምነቱ የሚጎድልበት ነገር የለም።

የእኛም ወገን ከዚህ የተሻለ አላደረገም። ሰውየው ከወደቀ በኋላ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ተወሰደ፤ ዲያዜፓም ተሰጠውና መንቀጥቀጡ ቆመ፤ እስከዚህ ድረስ ሥራው የተመሰገነ ነበር። ነገር ግን ኪኒኑ የሚያበቃበትን ቀን የነገረው ሰው ስላልነበረ፥ እርሱም ወረቀቱን እያሳየ ከመድኃኒት ቤት መግዛቱን ስለ ቀጠለ፥ ከስምንት ወር በኋላ ያለ ኪኒን መቆም የማይችል ሰው ሆነ፤ አረቄውም ተመልሶ በላዩ ተጨመረበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ እስትንፋስን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ከሐኪም እጅ የተቀበለው ሱስ ስለሆነ ማንም በዚህ አልወቀሰውም፤ ወቀሳውማ የሚገባው ለእኛ ነበር።

መድኃኒቱን ቀስ በቀስ የመቀነሱን ሥራ አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ባልደረባዬ በሆስፒታል አስተኝቶ ጀመረው፤ የአንጎሉ ጉዳት እንዳይባባስ ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ አስቀደመለት፤ እኔም ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ተቀበልሁት። ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ዱካኩ በኀጢአቱ የተላከበት ሠይጣን እንደሆነ አምኖ ይንቀጠቀጥ ነበርና፥ በጫት ተገፍቶ የኖረው ሕልም ጫቱ ሲቀር እንደ ጎርፍ እንደሚመለስ፥ እየዋለ እያደረም እንደሚቀል ሳስረዳው፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዐየኝ። በ11ኛው ሳምንት፥ የመኪናውን ቁልፍ በመዳፉ እያገላበጠ፥ በአንድ ሌሊት መሪውን እንደ ጨበጠ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት መኪናው ሲገለበጥ ረዳቱ ከጎኑ እንደ ሞተበት ነገረኝ፤ ለነፍስ አባቱ ስንኳ አልነገረም። ጫቱን ያበዛው ከዚያች ሌሊት ወዲህ ነው፤ ሌሎቹ ስንፍናና ብልግና ያሉት ነገር ለእርሱ ዳግመኛ ላለመተኛት የገባው ስእለት ነበር። ይህን ሳይሰማ ቅጠሉን ሊነጥቀው የሚነሣ ሰው ምኑን እንደሚነጥቀው አያውቅም።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወግዷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣትም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያው ስለ ጠፋ የሕሙሙ አልጋ አልተዘረጋም፤ ከሱስ መላቀቅ የሚፈልግ ሰው በክፍለ ሀገር ሆኖ ወዴት ልሂድ ቢለኝ፥ ብዙ ጊዜ የምመልስለት ወደ አዲስ አበባ ና ብዬ ነው፤ ይህንም ስል አፍራለሁ።

ሰውየው በፋሲካ ዋዜማ ወደ አረቄው ተመልሶ ወደቀ። ሁለት ቀን ጠጣ፤ ቀጠሮው ሐሙስ ሲሆን ማክሰኞ ጧት በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ የመጨረሻውን መለኪያ በስንት ሰዓት እንደ ጠጣ ጠየቅሁትና ባልደረባዬን አስጠራሁ። ባለፈው ሳምንት እናቱ አብረውት መጡ። የሰኔ ሚካኤል የጽዋ ማኅበራቸው ተራ የእሳቸው ነው። ስንት ቀን እንደቀረው አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ዶክተር፥ ጠላውን ትቼ ብርዝ ባደርግ፥ ለእርሱስ ይከፋበት ይሆን?» አሉኝ። በዚያው ቀን ጧት ከተበረዘና ካልሰነበተ አይከፋበትም ብዬ መለስሁላቸው። «እንግዲያው ማሩን ዛሬ ልግዛ» ብለው ተነሡ፤ ልጃቸውም ዘንቢላቸውን ያዘላቸው።