«ውስጡ ምንም የለም!»

 

መቼም በሰፈራችን ኮምፒዩተር የተንቀራፈፈበት ሁሉ እኔጋ ነው የሚመጣው። ባለሙያ ሆኜ አይደለም፤ አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ በኋላ የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም። ግን እጄ ማሽን መነካካት ስለማይፈራ «እሱ ያውቃል» ተባልኩ፤ በዚያው ቀረ። እናላችሁ ባለፈው እሁድ አንዲት የሰፈራችን ልጅ አሮጌ ቶሺባ ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልላ ከች አለች።

«ወንድሜ ትቶልኝ የሄደው ነው። እስኪነሳ ቡና ፈልቶ በረካ ላይ ይደረሳል። በናትህ እንደ አዲስ አድርግልኝ፤ ልሸጠው ነው» አለችኝ።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም የለም!»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይቺን «ምንም የለም» ስሰማ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ያላወጣሁት ገመናዬ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ባላቸው ያረፉባቸው አንዲት ጎረቤታችን፣ የቤታቸውን ኮምፒዩተር ለልጃቸው መማሪያ እንዳዘጋጅላቸው ጠሩኝ። «እትዬ፣ ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?» አልኳቸው። «ኧረ ምንም የለም ልጄ፤ አባቷ ናቸው ይነካኩት የነበረው» አሉኝ። እኔም አንዴ እንኳ ከፍቼ ሳላይ ጠራርጌ ደመሰስኩት። በሁለተኛው ሳምንት ቡና ጠርተውኝ ስሄድ፣ «ልጄ፣ ያ የክርስትናዋ ፎቶ ከዚህ ዕቃ ውስጥ እንዴት ነው የሚወጣው? አባቷ እዚህ አለ ይሉኝ ነበር» አሉኝ። እሳቸው እኮ አልዋሹኝም። ፎቶ ማለት ለሳቸው አልበም ላይ ያለው ነው። ጠይቆ መረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ! «ይሁን፣ ምን ይደረጋል» ብለው ሲኒውን ቀዱልኝ። ያን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

የተደመሰሰ ነገር ወዲያው እንደማይጠፋ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ የሚያደርገው ቦታውን «ባዶ ነው» ብሎ መመዝገብ ነው፤ አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌው እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ወዲያው አጥፍቼ ለሚችል ሰው ብሰጠው ኖሮ ጥቂት ፎቶ በተረፈ። እኔ ግን ዊንዶውስ ጭኜበት፣ ልጅቷ ደግሞ ሁለት ሳምንት ፊልም ስትጭንበት ከርማለች።

ስለዚህ ይቺኛዋን «ቁጭ በይ፣ አብረን እናያለን» አልኳት። «ዲ» የምትባለውን ክፍል ስንከፍት ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? ስካን የተደረገ የእናታቸው ቤት ካርታ! የወንድሟ ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃው! ቀይ ፊቷ አመድ መሰለ። በቴሌግራም ደወለችለት። «ያንን ትራንስክሪፕት እኮ ስፈልገው ነው የከረምኩት!» አለ ሰውየው። ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገለበጥን፤ ፍላሹን ነቅለን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ እንደሚከፈት አረጋገጥን። አንድ ፎልደር ላይ ስደርስ ግን እጇን ጣል አድርጋ «እሱን አትክፈተው» አለችኝ። አልከፈትኩም። እናንተም ብትሆኑ ማሽናችሁን ለማንም ሠሪ ጥላችሁ አትሂዱ፤ አጠገቡ ተቀመጡ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የሰፈር ልጅ «ፎርማት» የሚለውና ፋብሪካው ያስቀመጠውን መመለስ አንድ አይደሉም። የዊንዶውስ 7 ዘመን ላፕቶፖች ሐርድ ዲስካቸው ላይ የተደበቀች ክፍል አለቻቸው፤ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሁሉ እዚያ ተቀምጧል። ቶሺባ ከሆነ የዜሮን ቁልፍ ተጭኖ ማብራት ነው። ኤችፒ ኤፍ 11፣ ኤሰር አልትና ኤፍ 10፣ ዴል ደግሞ ኤፍ 8 ነው። ጥቅሙ ምን መሰላችሁ? የዋይፋዩም የድምጹም ድራይቨር አብሮ ይመለሳል። ጣጣው ደግሞ፣ ከዚህ በፊት አንዱ መላውን ዲስክ ጠርጎ የተቀዳ ዊንዶውስ ጭኖበት ከሆነ ያቺ ክፍል የለችም፤ የሚመለስ ፋብሪካም የለም። ዊንዶውስ 10 ላላችሁ ሴቲንግ ውስጥ «ሪከቨሪ» የሚለው ጋ ገብቶ «ሪሴት» ማለት ነው፤ ፋይል ይቆይ ወይስ ይጥፋ ብሎ ይጠይቃችኋል።

መብራቱን ግን አደራ! የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙ ጊዜ ሞቷል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ማሽኑ አሮጌውንም ሳይሆን አዲሱንም ሳይሆን ይቀራል። እኛ የጎረቤት ባትሪ ተውሰን ነው የጀመርነው፤ ሞዴሉ አንድ መሆኑ በጀን። መብራቱም እንደፈራነው ሄደ፤ ማሽኑ ግን አልጠፋም። (እኔ ጭንቀቴ ጠፋ እንጂ!)

ሲያልቅ ያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምናውቀው ሰማያዊ ገጽ ብቅ አለ። ፈጠነ፤ ልጅቷም ጮቤ ረገጠች። ወንድሟ የተየባቸውን የአማርኛ ጽሑፎች ከፍላሹ ብትከፍት ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኑባት። ሌላ አይደለም፤ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው፤ እሱም አብሮ ተጠርጓል። መልሰን ስንጭነው ፊደሉ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞቻችሁን ከመጀመራችሁ በፊት በወረቀት መዝግቡ።

ደግሞም አዲስ መስሏችሁ አትታለሉ። ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠው የደህንነት ጥገና በጥር 2020 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ለጽሑፍና ለፊልም ይሁን፤ የባንክ ነገር ባትከፍቱበት ይሻላል።

የቀረው የሽያጩ ነገር ነው። የተደመሰሰ ነገር ተኝቶ ይቆያል አላልኳችሁም? ለኔ ያልተረፈው ፎቶ፣ ለሌላው የናንተን ካርታና ፓስፖርት ሊያወጣለት ይችላል። እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ «ሳይፈር» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ባዶውን ቦታ ሦስት ጊዜ እየደጋገመ ይጽፍበታል። ማታ አስጀመርነው፤ ሌሊቱን ሲፈጭ አደረ። ጠዋት መጥታ ወሰደችው።

ያቺን «አትክፈተው» ያለችኝን ፎልደር ፍላሹ ላይ ትጨምራት አትጨምራት አላየሁም፤ ፊቴን አዙሬ ነበር።

በሉ ሳምንት ያገናኘን!