ክረምት ሲገባ ድመቷስ?

ደረጃ ስር የተጣለችውን የድመት ግልገል ዶርም ካስገባናት ወዲህ «ነጃሳ አይደለችም ወይ?» የሚለን በዝቷል። መልሱን መድረሳ ቀርተነዋል። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ የተቀዳላቸውን ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘነበሉላት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት እንደሆነች ማስተማራቸውንም ተናገሩ። አጅሩ እንዳለ ሆኖ፣ አይጥም ከድርቆሻችን ርቃለች!

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ፈተና አልቆ ወደየአገራችን ስንበተን ማን ያበላታል? ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት የመጣውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቁልፍ አዙሮ መሄድስ ከዚህ በምን ይለያል? ለክረምት ኮርስ ከሚቀሩት ወንድሞች አንዱ ከአሁኑ አደራውን ይረከብ። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ስለሚይዝ ለክትባቷ ከየዶርሙ እናዋጣ፤ ከሁለት ሻይ አይበልጥብንም።