መጠበቅን የተማረ አዳኝ

«መጠበቅ» የሚለው ቃላችን ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የሚመጣውን ነገር በትዕግሥት መቈየት ነው፤ ሁለተኛው የያዙትን ነገር እንዳይጠፋ መንከባከብ ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ነገሮች እንዴት ሊይዝ እንደ ቻለ ማስረዳት የቋንቋ ሊቃውንት ፈንታ ነው። እኛ ግን ሁለቱ ፍችዎች በእውነት የሚገናኙበትን አንድ ሥራ ዛሬ ለወጣት አንባብያን ለመግለጥ እንወዳለን። ሥራውም በአሜሪካ አገር፣ በአፓላችያ ተራሮች ገደልና ሸንተረር ውስጥ የሚደረገው የዱር ተርኪ አደን ነው።

ተማሪው «የሩቅ አገር ወፍ ለእኔ ምኔ ነው?» ይል ይሆናል። ወፉ ግን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። እንግሊዞች ከአፍሪካ የሄደችውን ጅግራ በቱርክ ነጋዴዎች እጅ ስላገኟት «የቱርክ ዶሮ» ይሏት ነበር ይባላል፤ ኋላም የአሜሪካውን ወፍ ባዩ ጊዜ ከጅግራ ጋር አምታተው ያንኑ ስም ሰጡት። ሊቃውንቱ ለዘሩ ያወጡለት «ሜሌአግሪስ» የተባለው ስም እንኳ በጥንት ግሪኮች ዘንድ የጅግራ ስም ነበር። እንግዲህ ተርኪ በስሙ የጅግራችን ዘመድ ነው ማለት ነው።

የዱሩ ተርኪ በቤት እንደሚረባው ወፍራምና ሰነፍ አይደለም። አውራው ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህን ያህል ከብዶም ይበራል፤ ሌሊቱንም በረጅም ዛፍ ላይ ያድራል። ማሽተት ብዙም አይችልም፤ ዓይኑ ግን እጅግ የሰላ ስለ ሆነ የአዳኙን ጣት እንቅስቃሴ እንኳ ከሩቅ ያያል። ስለዚህ በሚያዝያና በግንቦት፣ ዛፉ ቅጠል በሚያወጣበት ወራት፣ አዳኙ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ በጨለማ ዳገቱን ይወጣል። ቅጠል የሚመስል ልብስ ይለብሳል፤ ከትከሻው የሰፋ ግንድ ፈልጎ ጀርባውን ያስደግፋል፤ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ በተሠራች ትንሽ መሣሪያ የሴቲቱን ድምፅ እያስመሰለ ይጣራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ጠመንጃው ደቃቅ እርሳስ የሚበትን ስለ ሆነ ወፉ ወደ 35 ሜትር ያህል ካልቀረበ አይተኰስም።

ሜዳ ላይ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። በተራራ አገር ግን ድምፅ ያታልላል። ከማዶ ሸንተረር የጮኸው አውራ ቅርብ ይመስላል፤ በመካከል ግን አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ገደል አለ። ታች ያለ የመሰለው ላይ፣ ላይ ያለ የመሰለውም ታች ሆኖ ይገኛል። የእኛ ሰው «ቆቅ ወዲህ ምዝግዝግ ወዲያ» የሚለው ለእንዲህ ያለው ስሕተት ነው። የለመዱት አዳኞች እንደሚናገሩት ተርኪ ቍልቍለት ወርዶ ከመምጣት ይልቅ ዳገት ወጥቶ ወይም በትክክል ሄዶ መምጣትን ይመርጣል። ስለዚህ ዐዋቂው አዳኝ አስቀድሞ ከወፉ ጋር ትክክል ወይም ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ያልተማረው ግን ድምፁን እየተከተለ ገደል ለገደል ይሮጣል፤ በሩጫውም ወፉን ያባርራል። ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። እንደ ተርኪ የሚጮኸው ድምፅ የሌላ አዳኝ ጥሪ ሊሆን ይችላል፤ በዚህም ሰው ቈስሏል፤ ሰው ሞቷል። የአውራው ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ስለ ሆነ አዳኞች እነዚህን ቀለማት እንዳይለብሱ የሚመከሩት፣ ሙሉ ወፉን ሳያዩ መተኰስም የተወገዘው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአብዛኛው ግዛት በፀደይ የሚፈቀደው አውራውን መግደል ብቻ ነው። ሴቲቱ በዚያ ወራት መሬት ላይ ባበጀችው ጎጆ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ያህል እንቍላል ጥላ 28 ቀን ትታቀፋለች፤ እርስዋን መግደል የሚመጣውን ዓመት መግደል ነው። እንግዲህ አዳኙን በዚያ ሸለቆ ውስጥ እንመልከተው። አራት ሰዓት ሙሉ በብርድ ተቀምጧል፤ አውራው አልመጣም፤ አንዲት ሴት ግን በአፈ ሙዙ ፊት ቆማለች። የሚያይ ዘበኛ የለም። ምስክር የለም። ሕግ የሚከበርበት ወይም የሚፈርስበት ቦታ ያ ነው እንጂ ሕጉ የተጻፈበት ወረቀት አይደለም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ? ከጥፋት የመጣ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ተርኪ ለገበያ ያለ ገደብ ይታደን ነበር፤ ደኑም ተመነጠረ። በማሳቹሴትስ ግዛት በ1851 ገደማ ጨርሶ ጠፋ። በ1904 በኒው ዮርክ የታየው የዛፍ በሽታም ወፉ ፍሬውን ይመገብበት የነበረውን የአሜሪካ ደረት ነት ዛፍ በአፓላችያ ተራሮች ሁሉ ፈጀው። በ1930ዎቹ ዓመታት በአገሩ በሙሉ የቀረው ተርኪ ወደ 200,000 ገደማ እንደ ነበረ ይገመታል።

መንግሥቱ ዝም አላለም። በ1900 ሕግ ተጥሶ የተገደለ አውሬ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገድ ታገደ። በ1911 መንግሥት የተመነጠሩትን የተራራ ምድሮች እየገዛ ደን እንዲያደርግ ተፈቀደ። በ1937 ደግሞ በሁለት የምክር ቤት አባሎች፣ በፒትማንና በሮበርትሰን ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል አዘዘ፤ ቀረጡም ዛሬ ከመቶ 11 ነው። ሕጉ ሌላም ብልኀት አለው። አንድ ግዛት ከአዳኞች የሚሰበስበውን የፈቃድ ገንዘብ ለሌላ ሥራ ካዋለው ከቀረጡ ድርሻውን ያጣል። ወጣት ሹሞች ይህን አንቀጽ ደጋግመው ቢያስቡት እንወዳለን። ለአንድ ሥራ የተሰበሰበ ገንዘብ ለዚያው ሥራ ካልዋለ ከፋዩ ሁለተኛ በደስታ አይከፍልምና።

ገንዘብ ግን ብቻውን ወፉን አልመለሰውም። በመጀመሪያ ባለሥልጣኖቹ የቸኮለ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ተርኪን በጋጣ እያስፈለፈሉ ወደ ዱር ለቀቁት። ቍጥሩ በመዝገብ ላይ ያማረ ነበር። ነገር ግን ከእናቱ ጋር በዱር ያላደገ ጫጩት ቀበሮን መሸሽ አያውቅምና አብዛኛው አለቀ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ግን ሠራተኞች በባሩድ የሚወረወር ትልቅ መረብ እያጠመዱ፣ የቀረውን እውነተኛ የዱር ወፍ በሕይወት እየያዙ ወደ ባዶው ተራራ ያዛውሩት ጀመር። ሥራው ዐሥርተ ዓመታት ፈጀ። ዛሬ ከአላስካ በቀር በ49 ግዛቶች ሁሉ ተርኪ አለ፤ ጠቅላላ ቍጥሩም ወደ 6 ሚሊዮን ይገመታል።

«ወፉን ከወደዱት ለምን ይገድሉታል?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኛም ወፍ የመግደልን ደስታ ለማወደስ አልተነሣንም። ነገር ግን ቀረጡን የከፈለው፣ የፈቃዱን ዋጋ የሰጠው፣ ቍጥሩ ሲያንስም ቀድሞ የጮኸው ያው አዳኝ መሆኑን መካድ አይቻልም። ለሚመጣው ዓመት ተስፋ ያለው ሰው የዛሬውን አይጨርስም። በአገራችን የአዳኝ ክብር በገደለው ብዛት ሲፎከር ኖሯል። በእኛ አስተያየት ግን መግደል ሲችል ሴቲቱን ያሳለፋት አዳኝ ከዚያ የበለጠ ፉከራ ይገባዋል።

ደግሞ የተገኘ ነገር ለዘለዓለም የተገኘ እንዳይመስለን። ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ በደቡብ ምሥራቅ ብዙ ግዛቶች ተርኪ እንደ ገና መቀነስ ጀምሯል። ሊቃውንቱ ምክንያቱ የማደሪያው መበላሸት ነው፣ የአዳኝ አራዊት መብዛት ነው፣ አደኑ ቀድሞ መከፈቱ ነው እያሉ ገና ይከራከራሉ። የቴኔሲ ግዛት ክርክሩ እስኪያልቅ አልቈየም፤ በ2023 የፀደዩን አደን መክፈቻ ሁለት ሳምንት አዘገየ። ከዚህ በፊት ያዳነ ሰው ዳግመኛ ለማዳን መንቃት አለበት።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ምናልባት ተርኪ በዕድሜህ አታድን ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን ብቻህን የምትቀመጥበት ክፍል፣ ማንም የማያየው መዝገብ፣ ለአንድ ሥራ የተሰጠ ገንዘብ በእጅህ ይገባል። በዚያን ጊዜ የሸለቆውን አዳኝ አስበው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ ይሁን እንጂ እንቍላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ አንድ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል። መጠበቅ ስንልም ሁለቱን ፍች ማለታችን ነው።