የቤተ ሰብ ጤና፤ ስለ ቁጡ አንጀት

በአማርኛችን ያዘነ ሰው ሆዱን ባር ባር አለው ይባላል፤ በትንሽ ነገር የሚከፋውም ሆደ ባሻ ይባላል፤ የራበውን ሕፃን ያየች እናት አንጀቷ ይላወሳል። አባቶቻችን ኀዘንንና ፍርሃትን ከራስ ይልቅ በሆድ ማኖራቸው ለንግግር ማማር ብቻ የተደረገ አይደለም። የአንጀት ግድግዳ ከመቶ ሚሊዮን የሚበልጥ የነርቭ ሕዋስ እንዳለበትና ቀንና ሌሊት ከአንጎል ጋር እንደሚላላክ የዛሬ ሐኪሞች ያስረዳሉ። በዚህ ሳምንት የምንጽፍበት ሕመም የዚህ መላላክ መታወክ ነው፤ ፈረንጆች ኢሪቴብል ባወል ሲንድሮም ይሉታል፤ እኛ ቁጡ አንጀት ብንለው ነገሩን የሚገልጠው ይመስለናል።

ሕመሙ የዛሬ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1849 (እ.ኤ.አ.) ከሚንግ የሚባል ሐኪም፥ አንዱ በሽተኛ አንድ ጊዜ በድርቀት፥ ሌላ ጊዜ በተቅማጥ የሚሠቃይበትን ሕመም በሎንዶን የሕክምና ጋዜጣ ገልጦ ጽፎ ነበር። ሐኪሞች በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተስማሙበት የሮማ ደንብ መሠረት፥ ሕመሙ ከጀመረ ስድስት ወር ያለፈው ሆኖ፥ በመጨረሻው ሦስት ወር ውስጥ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ያህል የሆድ ቁርጠት ይኖራል፤ ቁርጠቱም ከመጸዳዳት ጋር ሲብስ ወይም ሲቀል፥ የመጸዳዳቱ ቁጥር ሲለወጥ፥ የዐይነ ምድሩም መልክ ሲለወጥ፥ ከነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ ከተገኙ ቁጡ አንጀት ይባላል። በዚህ ደንብ በልዩ ልዩ አገሮች ሲቈጠር ከመቶ ሰው አራት ያህሉ ሕመሙ አለባቸው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ።

ነገሩን በአገር ምሳሌ ለማስረዳት አዲጋላን እንውሰድ። አዲጋላ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፥ በኢሳ አርብቶ አደሮች አገር፥ ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ ያለች ሞቃትና ደረቅ ስፍራ ናት። የቀድሞው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ጀምሮ ከደጋ ወርዶ በጣቢያው መንደር የሚኖር ሰው አልጠፋም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም እዚያ ጣቢያ አለው። እንግዲህ ከደጋ ወደዚያ ተመድቦ የወረደ አንድ ጸሐፊ አለ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ትኩሳት ያለበት ተቅማጥ ያዘውና በሳምንቱ ዳነ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሆዱ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ጧት ጧት ይቈርጠዋል፤ ይነፋዋል፤ አለቃው የጠራው ቀን ደግሞ ይብስበታል።

እንዲህ ያለው ነገር በብዙ አገር ታይቷል። በካናዳ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የመጠጥ ውኃው ተበክሎ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ሰባትም ሞቱ። ሐኪሞች የዳኑትን ለብዙ ዓመት ሲከታተሉ፥ ተሕዋስያኑ ከሄዱ በኋላ አንጀታቸው እንደ ተቈጣ የቀረ ብዙ ሰዎችን አገኙ። በጠቅላላው ጽኑ የአንጀት በሽታ ከያዛቸው ከዐሥሩ አንዱ ያህል እንዲህ ይሆናል። ጠላቱ ከወጣ በኋላ ዘበኛው እንደ ደነገጠ ይቀራል ማለት ነው። ሪቺ የተባለ ሐኪም በ1973 (እ.ኤ.አ.) ትንሽ ፊኛ በአንጀት ውስጥ እየነፋ ቢመረምር፥ ለሌላው ሰው ምንም የማይሰማው መጠን ለነዚህ ሕመምተኞች ሥቃይ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሕመምተኛውን «ምንም የለብህም፤ ታስመስላለህ» ማለት ከእውነት የራቀ ነው፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ አንጀቱ ግን አልቈሰለም።

ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጸሐፊያችን ወደ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ዐይነ ምድሩ ይታያል፤ «አሜባ ነው» ይባላል፤ መድኃኒት ይውጣል፤ ለጥቂት ቀን ቀለል ይለዋል፤ በወሩ ይመለሳል። ሁለተኛ «ጃርዲያ ነው» ይባላል፤ ሦስተኛ በአንድ የደም ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ይባላል። አሜባና ጃርዲያ በአገራችን በእውነት ያሉ በሽታዎች ናቸው፤ የሚክድ የለም። ነገር ግን ኤሚል ብሩምፕት የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ በ1925 (እ.ኤ.አ.) ሰውን የሚጐዳው አሜባና የማይጐዳው አሜባ በመልክ እንደሚመሳሰሉ አሳብ አቅርቦ ነበር። ይህ ሰው ቀድሞ በ1901 (እ.ኤ.አ.) በተነሣው የዱ ቡር ደ ቦዛስ ጉዞ ከቀይ ባሕር በኩል ገብቶ ኢትዮጵያን ያቋረጠ ነውና፥ ለዚህ አገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አሳቡን ብዙዎች ለረጅም ዘመን አልተቀበሉትም፤ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ግን የዓለም የጤና ድርጅት የሰበሰባቸው ሊቃውንት ሁለቱ ልዩ ልዩ እንደ ሆኑ፥ የማይጐዳውንም በመድኃኒት ማሳደድ እንደማያሻ አስታወቁ። ተራ ማይክሮስኮፕ፥ አሜባው የደም ሕዋስ ውጦ ካልታየ በቀር፥ ሁለቱን አይለይም። እንግዲህ ያለ ደምና ያለ ትኩሳት ለሚመላለስ ቁርጠት በየወሩ የተሕዋስያን መድኃኒት መዋጥ፥ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይጨርሳል እንጂ ሕመሙን አያድንም። ቀድሞ ሰዎች በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ ቢያንስ የሚወጣውን ትል በዐይናቸው ያዩ ነበር፤ የዛሬው ኪኒን ይህን ማስረጃ እንኳ አያሳይም።

ሆኖም ሁሉን ሕመም ቁጡ አንጀት ነው ብሎ ቸል ማለት ከዚያኛው የባሰ አደጋ ነው። በዐይነ ምድር ደም የታየ እንደ ሆነ፥ ሰውነት ያለ ምክንያት የከሳ እንደ ሆነ፥ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያለ እንደ ሆነ፥ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ እንደ ሆነ፥ የደም ማነስ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም ሕመሙ ከኀምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረ እንደ ሆነ፥ የአንጀት ነቀርሳ ወይም የአንጀት ቲቢ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገዩ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅግጅጋ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ስለ ምግብ ለቤት እመቤቶች ጥቂት እንላለን። በአውስትራልያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳስረዱት፥ በአንጀት ውስጥ ሳይፈጩ ቀርተው ነፋስ የሚሆኑ የስኳር ዓይነቶች አሉ፤ እነዚህም በቀይ ሽንኩርት፥ በነጭ ሽንኩርት፥ በስንዴ፥ በባቄላና በሽምብራ፥ በማርና በወተት ይገኛሉ። የኛ ወጥ መሠረቱ ቁሌት መሆኑን ሲያስቡት ነገሩ ከባድ ነው፤ በጾም ደግሞ ሽሮና ምስር በየቀኑ ይመላለሳል። ሁሉን መተው ግን አያስፈልግም። ክኩንና ምስሩን አስቀድሞ ዘፍዝፎ ውኃውን ማፍሰስ ነፋሱን ይቀንሳል፤ ይህ የስኳር ዓይነት በውኃ እንጂ በዘይት አይሟሟምና፥ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሶ ማውጣትና ዘይቱን ብቻ መጠቀም ጣዕሙን ያስቀራል። በአዲጋላ የሚበላው ሩዝና የፍየል ሥጋ ለቁጡ አንጀት የሚስማማ ነው፤ ፓስታው ግን ስንዴ ነው፤ የግመል ወተትም እንደ ላም ወተት የወተት ስኳር አለበትና የማይስማማው ሰው ሁለት ሳምንት ትቶ ይሞክረው። የረጋው ከትኩሱ ይሻላል። በማፍጠሪያ ጊዜ በባዶ ሆድ ተምር አብዝቶ መብላትም ያስነፋል። ይህ ሁሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተሞክሮ፥ ከዚያ የተተወው ምግብ አንድ በአንድ እየተመለሰ የትኛው እንደሚጐዳ ይለያል፤ ዕድሜ ልክ የሚጾሙት አይደለም። የሃይማኖት ጾም ላስቸገረው ክርስቲያን ሕመሙን ለነፍስ አባቱ መንገር ነውር የለበትም።

በዚያ አገር ስለ ጫት ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሆድንም ያደርቃል። ከቀትር በኋላ ሲቅም የዋለ ሰው ማታ በአንድ ጊዜ አብዝቶ በልቶ ጧት ሆዴ ደረቀ ቢል የሚያስገርም አይደለም። በሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መብላትና ውኃ አብዝቶ መጠጣት ለዚህ ሰው ከብዙ ኪኒን ይሻላል። ድርቀት ላለበት አጃ ይረዳል፤ የስንዴ ፉርሽካ ግን ብዙውን ጊዜ መንፋቱን ያብሳል።

ከመድኃኒትም ሐኪም የሚያዝዛቸው አሉ፤ ቁርጠትን የሚያላሉ፥ ተቅማጥን የሚያቆሙ ናቸው። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው በብዙ መጠን ለኀዘን ሕመም የሚሰጥ ነው፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር በ463 ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ በትንሽ መጠን ቁጡ አንጀትን እንደሚረዳ ታይቷል። ሐኪሙ ይህን ያዘዘለት ሰው «እብድ አደረገኝ» ብሎ እንዳይቀየም፥ ቤተ ሰቡም እንዳያፍር፤ መድኃኒቱ በአንጀትና በአንጎል መካከል የሚሄደውን መልእክት ያበርዳል እንጂ ስለ እብደት የተሰጠ አይደለም።

እኛ በጽሕፈት ሥራ እንደ ቆየን ሰዎች አንድ ነገር እንጨምራለን። ነገር ያለ ምስክር አይቈረጥም፤ ሕመምተኛውም ሐኪም ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ለአራት ሳምንት የበላውን፥ የተኛበትን ሰዓት፥ የተጨነቀበትን ነገርና የሆዱን ጠባይ በየቀኑ በደብተር ይጻፍ። መጻፍ ለማይችለው ልጁ ይጻፍለት። ቀድሞ የዋጣቸውን መድኃኒቶች ካርቶንም አብሮ ይያዝ፤ ሐኪሙ አራተኛውን የአሜባ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሦስቱን በዐይኑ ያያልና።