ፅንስን የሚጠብቅ ምርመራ ከጭካኔም ከቸልተኝነትም ይራቅ

በደቡብ ጅዳ የሚገኘው ካራንቲና ስሙን የወረሰው ከለይቶ ማቆያ ነው። በመርከብ ተሳፍረው ለሐጅ የሚመጡ ሙስሊሞች ወደ መካ ከመዝለቃቸው በፊት በቀይ ባሕር ደሴቶችና በጅዳ ወደብ ጤንነታቸው ይመረመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 በሐጅ ወቅት በሒጃዝ የተዛመተው ኮሌራ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት በኢስታንቡል የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የሐጃጆችን ጤና ዐቢይ አጀንዳው አድርጎ መክሮበታል። የለይቶ ማቆያ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ከማዘን፣ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በር ላይ ማስቆም።

በዚያ ሰፈርና በአካባቢው አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ ሠርተዋል፤ ልጅ ወልደው አሳድገዋል። ዛሬ ወደ ቤታቸው የሚገባው ሥጋት በአብዛኛው በመርከብ ተሳፍሮ የሚመጣ ወረርሽኝ አይደለም። በጠርሙስና በብልቃጥ ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛ ነው። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም፣ የፀጉር ቀለም፣ የተባይ ማጥፊያና የጽዳት ኬሚካል በየቤቱ አሉ። በሰው ቤት ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ ከጽዳት ኬሚካል ጋር የምትውል እርጉዝ እህት ልትጠይቀው የሚገባት ጥያቄ አለ። ይህ ነገር በማሕፀን ላለ ልጅ ጉዳት እንደሌለው ተመርምሯል ወይ? የተመረመረውስ እንዴት ነው?

የሥነ ተዋልዶ መርዛማነት ማለት አንድ ኬሚካል የወንድን ወይም የሴትን የመውለድ አቅም፣ የፅንሱን ዕድገት ወይም የተወለደውን ልጅ ጤና ሲጎዳ ነው። ከመርዛማነት ምርመራዎች ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። የዘር ፍሬ፣ ፅንሰት፣ እንግዴ ልጅ፣ የአካል ክፍሎች አፈጣጠር፣ ወሊድና ጡት ማጥባት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጊዜና የየራሳቸው አደጋ አላቸው። ስለዚህም በአንድ ትውልድና በግልገሎቹ ላይ የሚደረግ አንድ የተሟላ ጥናት ብቻውን ከ1 ሺህ በላይ አይጦችን ይፈጃል።

ይህን ያህል እንስሳ መገደሉ ለሰው ልጅ ሙሉ ዋስትና ቢሰጥ ኖሮ ክርክሩ በቀለለ ነበር። ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ ቀርቦ በ1961 መጨረሻ እስኪታገድ ድረስ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና የወሰዱት ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት እጃቸው ወይም እግራቸው ሳይሟላ ተወልደዋል። ከጥፋቱ በኋላ በተደረጉ ምርመራዎች አይጦች መድኃኒቱን በእጅጉ ሲቋቋሙ ጥንቸሎች ግን እንደሚጎዱ ታወቀ። የአንዱ እንስሳ አካል የሚሰጠው መልስ የሌላውን፣ በተለይም የሰውን፣ ሁልጊዜ አይተካም።

በተቃራኒው ደግሞ እንስሳው እውነቱን ተናግሮ ሰው ያልሰማበት ጊዜ አለ። ዲቢሲፒ የተባለው የተባይ ማጥፊያ የእንስሳትን የዘር ፍሬ እንደሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1961 በጥናት ታትሞ ነበር። ሆኖም ኬሚካሉ በሥራ ላይ ቆይቶ፣ በ1977 በካሊፎርኒያ ያመርቱት የነበሩ ወንድ ሠራተኞች መካን ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የምርመራው ዘዴ የቱንም ያህል ቢሻሻል፣ ውጤቱን ሰምቶ የሚወስን ባለሥልጣንና የሚታዘዝ ነጋዴ ከሌለ ከንቱ ነው።

ሳይንስ በአሁኑ ጊዜ እንስሳ ሳይገደል ፅንስን ከጉዳት ለመጠበቅ የሚያስችሉ መንገዶችን እያበጀ ነው። አንደኛው በግንድ ሕዋስ ላይ የተመሠረተ ነው። ግንድ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ አድጎ የሚመታ የልብ ጡንቻ መሆን ይችላል፤ ኬሚካል ሲጨመርበት ይህ ዕድገት ከተሰናከለ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ሌሎች ዘዴዎች ኬሚካሉ የሴትን ወይም የወንድን ሆርሞን አስመስሎ ይሠራ ወይም ያውክ እንደሆነ በሕዋስ ላይ ይለካሉ። የኬሚካሉን ቅርጽ ቀድሞ ከሚታወቁ መርዞች ጋር የሚያነጻጽሩ የኮምፒውተር ስሌቶችም አሉ።

የእነዚህ ዘዴዎች ውስንነት መሸሸግ የለበትም። በሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ጉበት የለውም፤ ብዙ ኬሚካል ደግሞ ጉዳት የሚያደርሰው ጉበት ለውጦት ሌላ ነገር ካደረገው በኋላ ነው። ሕዋሱ እናት፣ እንግዴ ልጅና የዘጠኝ ወር ዕድገት የለውም። አንዱ ዘዴ ብቻውን በቂ ስለማይሆን ሊቃውንቱ ብዙዎቹን አጣምረው ይጠቀማሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 በእንስሳት ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ ለሥነ ተዋልዶ መርዛማነት የተሟላ ምትክ ገና እንዳልተገኘ እያወቀ ነበር። አሜሪካም በ2022 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ አዲስ መድኃኒት የግድ በእንስሳት ላይ ይሞከር የሚለውን ግዴታ አንሥታለች። መንገዱ ተጀምሯል፤ አልተጠናቀቀም።

ለሙስሊም አንባቢ ይህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። ሸሪዓ ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስት ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ዘር ነው። ገና ያልተወለደን ልጅ ከመርዝ መከላከል ከዚህ የሚመነጭ አደራ ነው። በሌላ በኩል ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት የደረሰባት ቅጣትና የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ያገኘው ምሕረት ማንኛውም ሙስሊም ከልጅነቱ ጀምሮ ከሐዲስ የሚሰማው ነው። በኢሕራም ላይ ያለ ሰው የየብስ አውሬ አያድንም፤ በመካ ሐረም ክልልም የዱር እንስሳን ከማረፊያው ማባረር ክልክል ነው። ደሩራ የተከለከለውን ቢፈቅድም የሚፈቅደው በልኩ ብቻ መሆኑን የፊቅህ ሊቃውንት ያስተምራሉ። ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ቀጥተኛ ነው። ሕይወትን ለማዳን ሌላ መንገድ በሌለበት እንስሳን መጠቀም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ እኩል የሚታመን ሌላ መንገድ በተገኘ ቀን ግን ያ ምክንያት ይወድቃል።

ግንድ ሕዋስ ከየት ተገኘ የሚለው ጥያቄም መልስ አላጣም። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ባካሄደው ስብሰባ፣ በፈቃድ ከአዋቂ ሰው፣ ከእንግዴ ልጅና ከእትብት ደም በመሳሰሉት ከተፈቀዱ ምንጮች የሚገኝ ግንድ ሕዋስ ለሕክምናና ለተፈቀደ ምርምር እንዲውል ሲፈቅድ፣ ያለ በቂ ምክንያት ሆን ተብሎ ከተቋረጠ ፅንስ መውሰድን ከልክሏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጃፓን ተመራማሪዎች የአዋቂ ሰው የቆዳ ሕዋስን ወደ ግንድ ሕዋስነት መመለስ በመቻላቸው ፅንስ ሳይነካ ምርምሩን የማካሄድ ዕድል ሰፍቷል። የእስልምናው ዓለም ዩኒቨርሲቲዎችና ቤተ ሙከራዎች የሌሎችን ውጤት ከመጠበቅ አልፈው በዚህ መስክ ቀዳሚ የማይሆኑበት ምክንያት የለም።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ ድረስ ሸማቹ አንድ ነገር አይሳሳት። በዕቃ ላይ የተለጠፈ የጥንቸል ምልክት እንስሳ አልተጎዳበትም ማለት እንጂ ለእርጉዝ ሴት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። አንዳንዱ መርዝ ደግሞ አዲስ ምርመራ አያስፈልገውም። በአንዳንድ ቆዳ የሚያነጡ ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ከእናት ወደ ፅንስ ሊያልፍ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል፤ የሳውዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሜርኩሪ ስላለባቸው ክሬሞች ደጋግሞ አስጠንቅቋል። አምራቹና ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ በሰው እጅ ወይም በሻንጣ የመጣ ክሬም በእርግዝና ቀርቶ በሌላ ጊዜም ሊቀቡት አይገባም። ባለሥልጣኑ ባዘጋጀው ጠምኒ በተባለ የስልክ መተግበሪያ የዕቃው መለያ መስመር ሲነሣ መመዝገቡን ማጣራት ይቻላል። የተመዘገበ መሆኑን የማጣራት ልማድ በቤተሰብ፣ በመስጊድ ግቢና በሠራተኞች መኖሪያ ሊስፋፋ ይገባል።

ተቆጣጣሪዎችም ድርብ አደራ አለባቸው። እንስሳን የሚተካ ዘዴ ሲቀርብላቸው በልማድ ብቻ አይግፉት፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻም አይቀበሉት። መመዘኛው እናትንና ልጅን ከቀድሞው ባላነሰ ሁኔታ የሚጠብቅ መሆኑ ይሁን። አሠሪዎችም ኬሚካል የሚያስይዟትን ሠራተኛ መመሪያውን በምትረዳው ቋንቋ ማስረዳት፣ ጓንትና አየር ያለበት ስፍራ ማዘጋጀት ይጠበቅባቸዋል። የለይቶ ማቆያ ዘመን ያስተማረው ጥንቃቄ ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው በር ላይ የሚቆመው እንግዳ ብቻ ነው። አፍ ለሌለው እንስሳ ማዘንና ገና ላልተወለደ ልጅ መጠንቀቅ ከአንድ የእዝነት ምንጭ የሚቀዱ ናቸውና አንዱ ለሌላው መሥዋዕት ሊሆን አይገባም።